አቤት በጎንዶኮሮ

ጁባ ውስጥ ሙኑኪ ሰፈር ምግብ ቤት ያላትን የኔነሽን የሚያነሣ ሰው ሁሉ፣ «ያቺ ልጇን ወንዝ ማዶ ጥላ የሰው ያልሆነ ልጅ ይዛ የተመለሰችው» ይላል። ወሬው ከሞተር ታክሲው፣ ከቦዳቦዳ ፈጥኖ ንያኩሮን ሰፈር ገብቷል። ድልድዩን ተሻግሮ ሸሪካት ሲደርስማ ልጁ ጥላ የለውም፣ ውሃ ሲያይ ብቻውን ይስቃል፣ ዓይኑን ገልጦ ነው የሚተኛው የሚል ተቀጥሎበታል። የቀጠለው ሰው ይታወቃል፤ የግንባታ ፎርማኑ ካሳዬ ነው። ሥራ ቦታ ሲሚንቶ ሲቆጥብ ይውላል፤ ወሬ ላይ ሲደርስ ግን አይሰስትም።

የሄደውም የተመለሰውም ያው ስምኦን ነው። ጥላው አለ። ከብስክሌት ወድቆ ያተረፋት የጉልበቱ ጠባሳ እንኳ ቦታዋን አልለቀቀችም። የተለወጠው አንድ ቃል ነው። ቀን ሲሄድ እናቱን «የኔነሽ» እያለ የሚጠራ ልጅ፣ ማታ ሲመለስ «እማዬ» አላት። ሰዉን ያስበረገገው ይኸው ነው። ያቺን ቃል ለመስማት የኔነሽ ምን ያህል እንደለፋች እሷ ቤት ምሳ የሚበላ ሁሉ ያውቃላ።

የኔነሽ ጁባ የገባችው የሱዳን ሰላም በተፈረመ ሰሞን ነው። ሴት ልጇን መቅደላዊትንና ገና ጡት የጣለውን ስምኦንን አዲስ አበባ እህቷ ሒሩት ጋ ትታ፣ «ለአንድ ዓመት ነው» ብላ ወጣች። ዓመቱ ዓመት እየወለደ ሄደ። ስምኦን አፉን የፈታው በሒሩት ቤት ነውና «እማዬ» የምትለው ቃል እዚያው ባለቤት አገኘች። የኔነሽ የስልክ ድምፅ ሆና ቀረች። «ና አናግራት» ሲሉት መጥቶ፣ «ደህና ነሽ የኔነሽ? ቤተሰብ ደህና ነው?» ይላታል፣ እንደ እድር ዳኛ። ቤተሰቧ እሱ ነበር።

ከደቡብ ሱዳን ሕዝበ ውሳኔ በፊት በነበረው በጋ መቅደላዊት ደወለች።

«እማ፣ ክፍላችን በግማሽ ዓመቱ እረፍት ጎንደርን ሊጎበኝ ነው። አክስቴ አይቻልም አለችኝ።»

የኔነሽ አፏ ቀደማት። «ጎንደርን ተይው። እዚህ የፋሲልን ግንብ የሚያስንቅ ታሪካዊ ከተማ አለ። ወንድምሽን ይዘሽ ነይና አሳያችኋለሁ።»

ስልኩን ዘግታ ጓዳ ገብታ ተቀመጠች። ጁባ ላይ ከኮንቴይነርና ከአቧራ በቀር ምን እንደሚጎበኝ አታውቅም። ከጭንቁ ያወጣት ጋትሉዋክ ነው፤ የእርዳታ ድርጅት ሾፌርና የምሳ ደንበኛዋ። ጋምቤላ፣ ኢታንግ የስደተኞች ጣቢያ ስላደገ አማርኛው ከካሳዬ አማርኛ ይጠራል።

«ታሪካዊ ከተማ ካልሽ ጎንዶኮሮ አለልሽ» አላት። «ከወንዙ ማዶ ነው። ጁባ ሳትኖር የነበረ ከተማ። የዝሆን ጥርሱም፣ ወታደሩም፣ ባሪያውም በዚያ ነው ያልፍ የነበረው።»

«ግንብ አለው?»

«ነበረው ይላሉ።»

«ነበረው» ያለውን ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችው።

ልጆቹ መጡ። አውሮፕላን ጣቢያ ስምኦን እጁን ዘርግቶ ጨበጣት። ቤት ገብተው ከሰነበቱ በኋላም ነገሩ ያው ነበር። ጥብሱን ይበላል፣ ያመሰግናል፣ ይተኛል። አንድ ቀን ደንበኛ በሞላበት ከጓዳ ጠራችው።

«ስምኦን!»

«ምን?»

«ምን አይባልም። እናት ስትጠራ አቤት ነው የሚባለው።»

«አቤት የምለውማ እማዬን ነው» አላት፣ ሳይቆጣ፣ እንደሚያስረዳ ሰው።

ያን ቀን የሽሮው ጨው በዛ። የኔነሽ ስለ አቤት ከናቷ የወረሰችው ሁለት ሕግ ነበር። ታላቅ ሲጠራሽ ፈጥነሽ አቤት በይ። የጠራሽን ሰው ካላየሽው ደግሞ፣ በተለይ በቀትር፣ በተለይ ወንዝ ዳር፣ ሦስት ጊዜ እስኪጠራሽ አፍሽን አትክፈቺ፤ ሰው ያልሆነ ነገር ሦስተኛውን አይደግምም። ሁለተኛውን ሕግ ጌታን የተቀበለች ዕለት ጥላዋለች። ጴንጤ ጋኔን አይፈራም፣ ይገሥጻል እንጂ።

ለጉብኝቱ የተቀጠረው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ጀልባው ቤንዚን ፍለጋ ቆይቶ ቀትር ላይ ተነሡ። መቅደላዊት ለጎንደር ያሰበችውን ቀይ ኮፍያ አድርጋለች። የኔነሽ ሳምቡሳ ቋጥራለች። ባለጀልባው የአገሩ ተወላጅ፣ የባሪ ጎሳ ሽማግሌ ናቸው። መሻገሪያው ላይ ሞተሩን አበረዱና ለጋትሉዋክ በጁባ አረብኛ ረጅም ነገር ነገሩት።

«ምን አሉ?» አለች የኔነሽ።

«እዚያ ማንም ማንንም እንዳይጠራ ነው የሚሉት። ሰው ከፈለጋችሁ አጨብጭቡ። ድሮ ባሪያ ፈንጋዮች ልጆቹን መርከብ ላይ ሲጭኗቸው እናታቸውን እየጠሩ ነው የሄዱት። የመለሰላቸው የለም። እስከ ዛሬ መልስ ይጠብቃሉ ይላሉ።»

«በኢየሱስ ስም» አለች የኔነሽ። ሽማግሌው አዩዋትና፣ «ማፊ ኢስም» አሉ፣ ስም የለም። የማንም ስም አይጠራም ማለታቸው ነበር።

ማዶ ወረዱ። ሣር ነው። ከሣሩ ወዲያ አርጅተው የጠቆሩ የማንጎ ዛፎች በሰልፍ ቆመዋል፣ ሰው ተክሏቸው ሰው ጥሏቸው እንደሄደ ያስታውቃል። መቅደላዊት ዙሪያዋን አየች።

«ከተማው የታለ?»

«ቆመሽበታል» አላት ጋትሉዋክ።

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። እግሯ ሥር ግማሽ ጡብ ከአፈሩ ብቅ ብሏል። ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፤ ሣሩ ሥር ግድግዳ ተጋድሟል። ያኔ ነው ዝምታውን ልብ ያሉት። ወፍ የለም። ትንኝ እንኳ የለም፤ ጁባን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ነፋስ ሳይኖር የማንጎው ቅጠል በአንድ ወገን ብቻ ይንቀጠቀጣል።

የኔነሽ አፈረች። ከጎንደር አስቀርታ ያመጣቻቸው ለዚህ ነው። ሳምቡሳውን ልትፈታ ጎንበስ እንዳለች ከጀርባዋ፣ ከትልቁ ማንጎ ወዲያ፣ ቀጭን የሕፃን ድምፅ ጠራት።

«እማዬ።»

ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። አላሰበችም።

«አቤት፣ የኔ ልጅ! አቤት!»

ሳምቡሳው ተበተነ። ሮጣ ከማንጎው ኋላ ዞረች። ሰው የለም። ሣሩ ግን አንድ ቦታ ተኝቷል፣ ትንሽ ልጅ ጉልበቱን አቅፎ ብዙ የተቀመጠበት ይመስል። ዓይኗ እያየ ሣሩ ቀስ በቀስ ቀና ቀና አለ።

ዘወር ስትል ስምኦን በወንዙ በኩል ከጋትሉዋክ ጎን ቆሟል። አፉን ጥሬ ማንጎ ሞልቶታል። እንኳን ሊጠራ መተንፈሻም የለው። ሽማግሌው ጀልባው ላይ ሆነው ያጨበጭባሉ። ኑ፣ ቶሎ ኑ ነው።

ገብተው ተቀመጡ። ሽማግሌው መቅዘፊያውን ተክለው ገፉ፤ ጀልባው እንቢ አለ። ደግመው ገፉ። ሲመጡ ከውሃው ከፍ ብሎ የነበረው የጀልባ ጠርዝ አሁን ውሃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። «ተጊል» አሉ ለራሳቸው። ጋትሉዋክ አልተረጎመውም፤ መተርጎምም አላስፈለገ። የኔነሽ ቃሉን ከገበያ ታውቀዋለች፣ ድንች ስታስመዝን የምትሰማው ነው። ከባድ።

መሐል ወንዝ ላይ ሲደርሱ፣ ከአጠገቧ፣ «እማዬ» አላት አንድ ድምፅ።

የኔነሽ ውሃ ውሃውን እያየች ዝም አለች። ጥዬዋለሁ ያለችው የናቷ ሕግ ተመልሶ መጣባት። መዞርም ፈራች፤ ዞራ የምታየው ስምኦን ባይሆንስ?

«እማዬ።»

አሁንም ዝም። መቅደላዊት ኮፍያዋን አውልቃ ሁለቱን ታያለች። ሽማግሌው ሞተሩን አጥፍተዋል። ጀልባው ብቻውን ይንሳፈፋል። ቀሚሷን ትንሽ እጅ ያዘችው፤ የማንጎ ሙጫ ያጣበቃት እጅ።

«እማዬ፣ እኔን አቤት አትይኝም?»

«አቤት» አለች፣ በሹክሹክታ። ዞረች። ስምኦን ነበር፤ ሊያለቅስ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል።

«እዚያ ማንን ነው አቤት ያልሽው?»

«አንተን መስሎኝ።»

«እኔ አልነበርኩም። እኔ ሰምቼሻለሁ፣ የኔ ልጅ ስትይው።» ቀሚሷን ጠበቅ አደረገው። «ልጅሽ እኔ ነኝ። እሱ አይደለም።»

ቃሏን ያገኘችው እንዲህ ነው። በጥብስ አይደለም፣ በልምምጥም አይደለም። ልጁ ሌላ ተፎካካሪ መጣብኝ ብሎ ቦታውን ሊያስከብር ነው የተናገረው። ከዚያ ወዲያ እረፍቱ እስኪያልቅ ከቀሚሷ አልተለየም፤ ጓዳ ስትገባ ይከተላል፣ በር ላይ ሆኖ ወደ ውጭ ያያል፣ ማንም እንዳይገባበት የሚጠብቅ ዘበኛ ይመስል። ካሳዬ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል ያለው ይህን አይቶ ነው። አዲስ አበባ ተመልሶም ራሱ እየደወለ፣ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ስምኦን» ይላል፤ ስሙን ሳይጨምር አይዘጋም። ሒሩት ስልኩን ተቀብላ፣ «አንቺ፣ ልጁን ምን አስነክተሽ ነው የላክሽው?» ብላ ቅናቷን በሳቅ ትሸፍናለች።

ባለፈው ሰሞን ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ካሳዬ ጥርሱን እየጎረጎረ ጀመራት።

«የኔነሽ፣ እኛ እንደሁ ቤተሰብ ነን። የማንን ልጅ ነው ይዘሽ የመጣሽው?»

«የራሴን ነዋ። ጥላውን መለካት ካማረህ ክረምት ላይ ይመጣልሃል፣ ሜትርህን ይዘህ ጠብቅ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጋትሉዋክ ብቻ አልሳቀም። የኔነሽ ሳህን ማንሣት ጀመረች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ቆመችና በወንዙ በኩል ያለውን የቀትር ፀሐይ አየች። ከዚያ ሳህኑን እንደያዘች ወደ ካሳዬ ዞረች።

«የኔውስ ሲጣራ እኔ አለሁለት፣ ሒሩትም አለችለት። ያን የማዶውን ግን አንዴ አቤት ብዬው፣ እስከ ጀልባው ተከትሎኝ ነው ጥዬው የመጣሁት። አሁን ሲጣራ ማን ይመልስለት?»