በባሌ ክንድ የተለካው ኮርቻ

ቢቸና ነርስ ሆኜ ስሠራ በደመወዜ ብስክሌት አስገጣጠምኩ። ኮርቻውን ራሴ መረጥኩ። የቀረው ኮርቻውን የሚሸከመው ዘንግ ነበር። ሠሪው የዘንጉን ቁመት የሚለካው ኮርቻውን ከነጂው ብብት ሥር አድርጎ፣ ክንዱን ወደ ፔዳሉ በማስዘርጋት ነው። የሴት ብብት ግን አልለካም አለ። የስንቱን ወንድ ቂጥ በመርፌ ስወጋ ያላፈረ ከተማ፣ እኔን ለመለካት አፈረ!

ባሌን ጠርቶ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ይቁሙልኝ" አለው። ባሌ ከእኔ በጣም ያጥራል። "የምነዳው እኔ ነኝ" ብል ማን ሰምቶኝ? ዘንጉን በእሱ ልክ በመጋዝ ቆረጠው። ጉልበቴ አገጬን ሊነካ እየደረሰ ነዳሁት።

ስንፋታ ባሌ ብስክሌቱን ይዞ ወደ ሞጣ ሊሄድ ተነሳ።

"የእኔ ነው እኮ!" አልኩት።

ኮርቻውን መታ መታ አደረገና፣ "ለአንቺማ ያጥርሻል" አለኝ።