የአንሴልም ብሬሬ ፊት በወተት ካርቶን ላይ

አንሴልም ብሬሬ ፎቶ መነሣት አይወድም። ፈረንሳይ አገር፣ ማየን በሚባል አውራጃ፣ አባቱ ባወረሱት እርሻ ላይ ይኖራል። ስልሳ ዓመት አልፎት እንኳ የሠርጉ ፎቶ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ እንደወጣ ሚስቱ ኦዲል ዛሬም ታነሣበታለች። እንዲህ ያለ ሰው ፊቱን ለወተት ፋብሪካ የሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ልጅ ሳለ ወተት በብረት ጋን ተሞልቶ መንገድ ዳር ይቀመጥ ነበር። አባቱ በየጋኑ ላይ የቤተሰቡን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋሉ። ወተት የቀጠነበት ወይም የኮመጠጠበት ሰው ማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ሰውየው እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚገባው አንገቱን ደፍቶ ነው። በኋላ ቦቴ መኪና መጣ። የአንሴልም ወተት ከጎረቤቱ፣ የጎረቤቱ ከማዶ መንደር ጋር አንድ ሆድ ውስጥ መግባት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ወተቱ የት ደርሶ ከምን ጋር እንደሚቀላቀል የሚነግረው ሰው አጣ። ይህም ዕድሜውን ሙሉ ሲያንገበግበው ኖረ። በገበሬዎች ማኅበር ስብሰባ ገና እጁን ሲያወጣ፣ «ይኸው፣ ደግሞ የማን ወተት ነው ሊል ነው» እያሉ ይሳሳቁበት ነበር።

ኋላ ግን መንግሥት እያንዳንዱ ካርቶን ወተቱ የታለበበትን አገር እንዲጽፍ በሕግ አስገደደ። አንሴልም የሚሳሳቁበትን ሁሉ ጠርቶ ራሱ የጠመቀውን ሲድር፣ የፖም ጠጁን፣ አጠጣቸው። ሕጉ ሥራ ላይ እያለ ነው እንግዲህ ቲቦ የሚባል የፋብሪካው የማስታወቂያ ሠራተኛ፣ በሚያብለጨልጭ ጫማ ጭቃውን እየዘለለ ግቢው የገባው።

«ሙሴ ብሬሬ፣ እኛ የምንፈልገው እንደ እርስዎ ያለ ፊት ነው።»

«የእኔ ፊት ደግሞ ምን አለው?»

«ወተት የሚሸጥ ፊት ነው።»

ኦዲል ከወጥ ቤት ሳቀች። «እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሳየው ምንም ሸጦልኝ አያውቅም!»

አንሴልም አልሳቀም። «ከፊቴ ጋር ወተቱ ከየት እንደመጣ ይጻፋል?»

«ሕግ ነው እኮ፤ ብንፈልግም ባንፈልግም እንጽፋለን።»

አንሴልም ፈረመ። ቡናማና ነጭ ዥንጉርጉር ላሙን አንገቷን አቅፎ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን ፎቶ ተነሣ። በውሉ ላይ «አገሩ ይጻፍ» የሚል አንድ መስመር ይጨመርልኝ አላለም። ሕግ የሰጠውን ነገር ከሰው መለመን ውርደት መሰለው። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ካርቶኑ ሳይታተም አንድ ትልቅ ኩባንያ ሕጉን ከስሶ ፓሪስ ባለው ትልቁ ፍርድ ቤት አሻረው። የፈለገ ይጽፋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል ተባለ። አንሴልም ይህን ሰምቶ ተናደደ እንጂ ፎቶው ትዝ አላለውም።

በጸደይ አንድ ቀን ጎረቤቱ ጋስፓር ትራክተሩን አቁሞ ጮኸ። «አንተ የፊልም ተዋናይ! ሱፐርማርኬቱን እኮ ሞላኸው! ላሟ ግን ካንተ ይልቅ አምሮባታል።»

አንሴልም ቦት ጫማውን እንኳ ሳይቀይር ሄደ። መደርደሪያው ላይ ከዳር እስከ ዳር እሱ ራሱ ተደርድሮ ይስቃል። አንዱን አንሥቶ ጀርባውን አየ። ከታች፣ በጥቃቅን ፊደል፣ «ወተቱ፦ ከአውሮፓ ኅብረት» ይላል። እዚያው ቆሞ ለቲቦ ደወለ።

«እዚህ ውስጥ ያለው ወተት የእኔ ነው?»

«በከፊል ሊሆን ይችላል ሙሴ ብሬሬ።»

«ሌላውስ?»

«እንደ ወቅቱ ነው። የአገር ውስጥ ወተት ሲያንስ ከውጭ እናስመጣለን። ጥሩ ወተት ነው።»

«መጥፎ ነው መቼ አልኩ? ያለቡትን ሰዎች አላውቃቸውም ነው የምለው። የእነሱን ፊት ለምን አትለጥፉም?»

ቲቦ ስለ ፎቶው ማማር ሊያወራ ሲጀምር አንሴልም አቋረጠው።

«እሺ፣ ቢያንስ አገሩን ጻፉ።»

«አሁን ግዴታ አይደለም። በፈቃደኝነት ነው።»

«እኔስ ፈቃደኛ ካልሆንኩ? ፊቴን ከካርቶኑ ላይ አንሡልኝ።»

«እርስዎማ ፈርመዋል። የታተመውም ገና አላለቀም።»

ማታ ራቱ ቀረበለት፤ ሹካውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «ለእነሱ ፈቃድ፣ ለእኔ ግዴታ!» አለ። ኦዲል «ተወው እንግዲህ፣ በሽታ ታመጣለህ» አለችው። አባቱ ስማቸውን የጻፉት በራሳቸው ጋን ላይ ነበር። እሱ ግን ላላየው ወተት ዋስ ሆኖ በየሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆሟል።

ቅዳሜ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ሱፐርማርኬቱ ተመልሶ ሄደ። ጽሑፉ እንዲታይ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አዞራቸው። የሱቁ ኃላፊ ሉዲቪን እየሮጠች መጣች።

«ሙሴ አንሴልም! ምን እያደረጉ ነው?»

«አዞርኩ እንጂ ምን ሰበርኩ? አንቺ ልጅ፣ አትጩሂብኝ።»

«ሰው እኮ ማየት የሚፈልገው ፊትዎን ነው።»

«ፊቴን ከፈለገ ይኸው፣ እዚሁ አለሁ» አለና መደርደሪያው አጠገብ ቆመ።

መጀመሪያ የመጡት ባልና ሚስት ናቸው። ሴትዮዋ ካርቶኑን አየች፣ እሱን አየች። «ውይ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔ ነኝ ማዳም። ግን ይስሙኝ፤ ይህ ወተት የእኔ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም። ከየትኛው አገር እንደመጣም አልተጻፈም።»

«እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው» አለ ባልየው። ሦስት ወሰዱ።

አንድ ጎረምሳ አብሮት ፎቶ ካልተነሣሁ ብሎ ድርቅ አለ። ሌላው ላሟ ስሟ ማን እንደሆነ ጠየቀው። አንሴልም ላቡን እየጠረገ ያንኑ ደጋግሞ ተናገረ፤ ድምፁም እየጎላ ሄደ። ድምፁ በጎላ ቁጥር ሰው ተሰበሰበ። መደርደሪያው ሲሳሳ ሉዲቪን ፈገግ ብላ ተጠጋችው።

«ፋብሪካው ነው የላከዎት? አስቀድመው ቢነግሩኝ ጠረጴዛ አዘጋጅልዎት ነበር። ሌላ ቅዳሜም ይምጡልኝ።»

አንሴልም ሊመልስላት ሲል ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ካርቶን አንሥተው ቅርጫታቸው ውስጥ ከተቱ። ከቅርጫቱ መልሶ አወጣውና በጣቱ ጽሑፉን አሳያቸው።

«ማዳም፣ እባክዎ፣ ይህችን ብቻ ያንብቡ።»

«መነጽሬን መቼ ያዝኩና ልጄ። አንተን አየሁህ አይደል? ይበቃኛል።» ቅርጫቱን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት። «እንዲያውም ሁለት አድርገው።»