ባሕር ማዶ ያረስኳት ልጄ

ሣጥኔ ውስጥ፣ ከዒድ ቀሚሴ ስር፣ ከማሌዥያው ማረፊያ ያመጣኋት አንዲት ሚጢጢ ሳሙና አለች። ወረቀቷ እስካሁን አልተቀደደም። ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ሽታዋ ቀድማኝ ትወጣለች፤ ጠጅ ሣር ጠጅ ሣር ትላለች፣ ከስሩ ደግሞ ጨው ጨው የሚል ነገር አላት። ትናንት የሶላት ልብሴን ላወጣ ስከፍተው እንደዚያው አወደኝ። ሰግጄ ጨረስኩና ምንጣፌ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ውጭ መርሳ ናት፤ ባጃጁ ይንጫጫል፣ የአውቶቡስ ረዳቱ «ወልድያ! ወልድያ!» ይላል። እኔ ግን ማሌዥያ ነበርኩ፤ ያን የመጀመሪያውን ቀን፣ ዓይኔ በእንቅልፍ እየተጣበቀ የዋልኩበትን ቀን።

ከስሩ ልጀምርላችሁ።

ልጄ ከመርሳ የወጣችው ገና ልጅ እግር ሳለች ነው። መጀመሪያ ዓረብ አገር ሄደች። ከዚያ አላህ ብቻ በሚያውቀው መንገድ አልፋ አውስትራሊያ ገባች። እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች። እንግዲህ በእኛ አገር ሴት ልጅ ስትወልድ እናቷ ዱቄቷንና ቅቤዋን ይዛ ትሄዳለች። ገንፎ ታገነፋለች፣ አናቷን ቅቤ ትቀባታለች። አራሷ እሳት ሳትነካ፣ ውሃ ሳትቀዳ፣ አርባ ቀን ተኝታ ትታረሳለች። እኔን እናቴ ከግራና መንደር በእግሯ መጥታ ነው ያረሰችኝ። ልጄን ያረሳት ግን የለም። በወለደች ሰሞን በስልክ «ማን እያረሰሽ ነው፣ ሆዴ?» ብላት «ማን ያርሰኛል እማ፣ ራሴን አረስኩ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። ሳቋን ግን አላመንኩትም። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር የእኔን ጉልበት፣ የእኔን ደም ብዛት ትጠይቃለች፤ የራሷን ስጠይቃት «ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ» ትልና ወሬ ትለውጣለች። የሆነ በር ዘግታብኛለች። ያን በር ሳላስከፍት አልሞትም አልኩ ለራሴ።

ባሏ በስደተኛ ወረቀት ስለሚኖር አገር ቤት መግባት አይችልም። የእሷም እረፍት አንዲት ሳምንት ናት። ወልድያ የሚነግደው ትልቁ ልጄ «ከመሃል እንገናኝ፤ ማሌዥያ የእስላም አገር ናት፣ ባሕርም አላት፣ ሁላችንም እንዝናና» ብሎ ነገሩን ጨረሰው።

እሱ «ለባሕር ዳር የሚሆን ቀሚስ ልግዛልሽ» ሲለኝ እኔ ገብስ አስመጣሁ። ክርስቲያኗ ጎረቤቴ መጥታ አብራኝ ፈተገች፣ አብራኝ አመሰች። «ልጇ ትምህርት ቤት የገባ አራስ ዛሬ ገና ማየቴ ነው!» ብላ እስክትንፈራፈር ሳቀችብኝ። ሳቋን ስትጨርስ ቤቷ ሄዳ የራሷን ንጥር ቅቤ አምጥታ ቆርቆሮዬን ሞላችልኝ። ዱቄቱን፣ በርበሬውን፣ ቅቤውንና የገንፎ ማማሰያዬን በነጠላ ጠቅልዬ ከሻንጣው መሃል አስገባሁ።

አውሮፕላን ላይ ዓይኔን አልከደንኩም። ያ ሁሉ ሰው ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ እንዴት እንደሚያንኮራፋ ሳይ አደርኩ። ስንወርድ ለእኔ ገና ውድቅት ነው፤ እዚያ ግን ፀሐይዋ ወጥታ ቁጭ ብላለች። ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል። አየር ማረፊያው ላይ ፈታሿ፣ ሻሿን ያሰረች ልጅ ናት፣ ቅቤዬን ከፈተችና አሸተተች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«ቅቤ አይገባም ነው የምትለው እማ» አለኝ አብሮኝ የመጣው ትልቁ ልጄ።

«ለአራስ ነው በላት።»

«እማ፣ በአላህ! የቷ አራስ?»

«በላት አልኩህ።»

ነገራት። ልጅቱ ዱቄቱን አየች፣ ማማሰያዬን አገላብጣ አየች፣ እኔንም አየች። ቆርቆሮውን ግን ወሰደችው፤ ሕግ ነው። ወስዳ ስታበቃ እጄን ይዛ በግንባሯ ነካችው። እዚያም የትልቅ ሰው እጅ ይከበራል ለካ። ልቀየማትም አልቻልኩ። ግን ወየው ቅቤዬ! ገንፎ ያለ ቅቤ ምን ይሆናል? አናትስ በምን ይቀባል?

ያረፍንበት ቤት ከባሕሩ አፍ ላይ ነው። ከላይ ሁለት ክፍልና ትንሽ ማድቤት አለው፣ ከታች ለእንግዳ ቁርስ ያበላሉ። ልጄ «በይ ቅመሽና ተኚ፤ እነሱ የሚደርሱት ከሰዓት ነው» አለኝ። ልቀምስ ተቀመጥኩ። ታዲያ ጠረጴዛው ላይ ምን ባይ ጥሩ ነው? በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ቅቤ፣ በሳህን ተከምሯል! ቢስሚላህ ብዬ ነጠላዬን ዘረጋሁ።

«እማ! ሰው እያየን ነው!»

«ይይ። ሰረቅኩ እንዴ? ብሉ ብለው አይደለም ያስቀመጡት?»

«ለዳቦ ነው እኮ!»

«የእኔስ ለሰው ነው።»

አሳላፊው ሰውዬ አይቶኝ ሳቀና ሌላ ሳህን አመጣልኝ። ልጄ አንገቱን ደፍቶ ሻዩን ጠጣ፤ ወልድያ ላይ ቢሆን ኖሮ «ከእሷ ጋር አልመጣሁም» ብሎ ይክደኝ ነበር።

ከዚያ ነው እንቅልፉ የመጣው። እንዲህ ያለ እንቅልፍ አይቼ አላውቅም። ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ እንደ ጎርፍ ይሞላኛል። ፀሐይዋ ከፊቴ ተገትራ እያየኋት ሰውነቴ ሌሊት ነው ይላል፤ ሰውነቴን አምኜ ጋደም ልል ስል ፀሐይዋ ታሳፍረኛለች። ልጄ «ይሄ ጄት ላግ ይባላል፤ አትታገይው፣ ተኚለት» ብሎኝ እሱ በጫማው ወድቆ ማንኮራፋት ጀመረ።

እኔ ግን ብተኛ ማንም እንደማይቀሰቅሰኝ አውቃለሁ። «እማ ደክሟታል፣ እንዳትነኳት» ይባላል። ልጄ ትመጣለች፣ ሻንጣዋን ትፈታለች፣ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ሁሉን ታሰናዳለች። እኔ ስነቃ እሷ አስተናጋጅ፣ እኔ እንግዳ ሆነን እናርፋለን። ሰባቱም ቀን እንዲያ ያልቃል። እናቴ «የመጣሽበትን ሳትጨርሺ ጫማሽን አታውልቂ» ትል ነበር። እኔም አላወለቅኩም። እውነቴን ነው፣ ለሶላት ካልሆነ ጫማዬን እንዳደረግኩ ዋልኩ።

ልጅ ሆኜ እዚያው አገሬ ሐብሩ ላይ ማሽላ እጠብቅ ነበር። ማማ ላይ ወጥተን፣ ወንጭፍ ይዘን፣ ግሪሳ ስናባርር ነው የምንውለው። ቀትር ላይ ነፋሱ ሲቆም፣ ማሽላው ራሱ ቆሞ ያንቀላፋ ሲመስል፣ ያን ጊዜ ነው ወፉ የሚወርደው። ወፍ ጠባቂ ሲያንቀላፋ ያውቃል። እናቴ ከታች ሆና «ድምፅሽን አሰሚኝ!» ትለኛለች። ድምፄ ከጠፋ ተኝቻለሁ ማለት ነው። ስለዚህ እዘፍናለሁ፣ ያልሰመረልኝንም ግጥም እገጥማለሁ፣ ጠጠር ተረከዜ ስር አስገብቼ እቆምበታለሁ። እዚያ ባሕር ዳርም ያንኑ አደረግኩ። በረንዳው ላይ ወዲህና ወዲያ እያልኩ በለሆሳስ አንጎራጎርኩ። ዙሁር ሲደርስ ውዱእ አድርጌ ሰገድኩ፤ ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ እንዳልቀር ፈርቼ ሱጁዴን አሳጠርኩት፣ አላህ ይማረኝ። ባሕሩ ከታች ሽሽሽ ይላል፤ ልጅ የሚያስተኛ ሰው ነው የሚመስለው። «አንተም ከሚያስተኙኝ ጋር ነህ?» አልኩት።

ከሰዓት ደረሱ።

መጀመሪያ ባሏ ሻንጣ ተሸክሞ ገባ፣ የደሴ ልጅ ነው፣ ጉልበቴን ሊስም ሲጎነበስ ሻንጣው እግሬ ላይ ወደቀ። ቀጥሎ የልጅ ልጄ ገባች፤ አየችኝና እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። ከዚያ ልጄ። አንገቷን ይዤ ስስም ሽታዋ ጠፋኝ። በየት ልፈልገው? ጆሮዋ ስር አገኘሁት።

እሷ ግን ወዲያው ገፋ አድርጋ አየችኝ፤ በጫጫታው ወደነቃው ወንድሟም ዞረች። «እማ፣ ዓይንሽ ደም መስሏል። አልተኛሽም? ለምን አላስተኛሃትም? ቁርስ በልታለች? መድኃኒቷን ወስዳለች? በሉ እናንተ ሻንጣውን ወደዚያ። እማን ላስተኛና ሱቅ ደርሼ እመጣለሁ።» ቆማ ነው ይህን ሁሉ የምታዘው፣ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም። ጉንጯ ከስቷል። ስትናገር የአልጋውን ጠርዝ ይዛ እንደቆመች አየሁ፤ እሷም ከመንገዱ ተወዛውዛለች፣ ይዛ ነው እንጂ ትወድቃለች።

«ቁጭ በይ» አልኳት።

«እሺ፣ አሁን መጣሁ።»

«ቁጭ በይ ነው የምልሽ። ዛሬ አራስ ነሽ።»

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። «እማ፣ ልጅቷ ማንበብ ጀምራለች እኮ!» አለችኝ።

«ታንብባ። እናቷ አልታረሰችም።»

ያን ጊዜ ሳቋ ቆመ። ቦርሳዋን አወረደች፣ ግን አልተቀመጠችም።

ማድቤት ገባሁ። እሳት የሌለው ምድጃ ነው፤ ዝም ብሎ ይቀላል። ውሃው ፈላ፣ ዱቄቱን ጨመርኩ፣ ማማሰል ጀመርኩ። ገንፎ ጉልበት ይፈልጋል፤ ድስቱ ደግሞ ቀላል ስለሆነ አብሮኝ ይዞራል። መሃል ላይ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ቆሜ ሳለሁ ማሽላው መሃል ነኝ፣ ግሪሳው ወርዷል፣ እናቴ ትጣራለች። ማማሰያው ሲወድቅ ነው የነቃሁት።

ልጄ እየሮጠች መጣች። «ተይው እማ! እኔ አማስለዋለሁ፤ አንቺ ተኚ፣ በአላህ ይሁንብሽ!» ብላ ድስቱን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

እጇን መታሁት። የሕፃን እጅ እንደሚመታ። «አራስ እሳት አትነካም!»

እጇን ይዛ ቆመች። አልተቆጣችም። እንዲህ ዓይነት ነገር ማንም ካላት ስንት ዘመኑ ይሆን? ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደችና፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ማነህ የደሴው!» አልኩ ወደ አማቼ። «ና ድስት ያዝ!»

«እናቴ፣ እኔ ወንዱ ገንፎ ቤት ልግባ?»

«እዚህ ማን ያይሃል? አብሽር።»

እሱ በጨርቅ ድስቱን ጨምቆ ያዘ፣ እኔ ማማሰል ያዝኩ። ትልቁ ልጄም በሩ ላይ ቆሞ «ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ አማት መምታት ጀምራለች» ይለዋል። ገንፎው ጓጎለብኝ። እናቴ ብታየው ለጎረቤት አታሳየውም ነበር። መሃሉን ጎድጎድ አድርጌ ያን ባለ ወርቅ ወረቀት ቅቤ አቅልጬ ከበርበሬ ጋር አፈሰስኩበት። አንድ ጉርሻ አነሳሁና አጎረስኳት።

አኘከች። «ጓጉሏል» አለች።

«ጓጉሏል። ብዪ።»

ሁለተኛውን ራሷ አነሳች። ሦስተኛውን በፍጥነት። ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፍታ በላች። ትንሿ ተጠግታ እናቷን ትኩር ብላ ታያለች፤ እናቷ ቁጭ ብላ ስትበላ አይታ የምታውቅ አይመስልም።

የተረፈውን ቅቤ በመዳፌ አሸት አሸት አድርጌ ፀጉሯን ፈታሁት። ስትሄድ ራሴ የሰራሁት፣ ጥቁር፣ በእጄ የማይጨበጥ ወፍራም ፀጉር ነበር። አናቷን ስከፍተው ሽበት አገኘሁ። አንድ ሁለት አይደለም። የልጄን ሳይሆን በዕድሜ ቀድማኝ የሄደች ሌላ ሴት አናት የያዝኩ መሰለኝ። ቅቤውን ደህና አድርጌ ሽበቱ ላይ ቀባሁበት።

የባዕድ ቅቤ ለካ ጨው አለው፤ እየቀለጠ በግንባሯ ወረደና ዓይኗ ውስጥ ገባ። ዓይኗን ጨፍና፣ ጀርባዋን ለእኔ እንደሰጠች፣ ማውራት ጀመረች። የወለደች ዕለት ሆስፒታል ሻይና ዳቦ እንደሰጧት። በማግስቱ ልጇን ታቅፋ በአውቶቡስ ቤቷ እንደገባች፤ ባሏ ሥራ ላይ እንደነበር። «ቤቱ ዝም ብሎ ነበር እማ። እልል የሚል እንኳ አልነበረም። አንቺ ላይ ነው የተናደድኩት። እንደማትመጪ እያወቅኩ፣ በር በሩን ሳይ እውል ነበር።»

«እኔም በር በሩን ነበር የማየው» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

እልል አልኩ እንግዲህ። ድምፄ ተሰባብሮ ነው የወጣው። ትንሿ ደነገጠች፣ ቀጥላ አፏን ከፍታ እኔን መሰለች፤ ጩኸት ነው እንጂ እልልታ አይደለም፣ ግን ቤቱን ሞላው። ከታች አሳላፊው ምን ተፈጠረ ብሎ መጣ፣ ትልቁ ልጄ «ወልደን ነው» አለውና ሰውዬው በደስታ ሁላችንንም ጨበጠን።

ወንዶቹን አስወጣሁ። መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ልጄን አጋደምኳት፣ በነጠላዬ አናቷን ሸፈንኩላት። ትንሿ እግርጌ ወጥታ ተጠቀለለች። አራስ ብቻዋን አትተውምና ከራስጌዋ ተቀመጥኩ። ከውጭ ወንዶቹ ባሕሩ ዳር ሲሳሳቁ ይሰማል። እንቅልፉ አሁንም እየሞላኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን አልተጣላሁትም።

«እማ» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «አራስ ስንት ቀን ነው የሚተኛው?»

«አርባ።»

«እኛ ያለን እኮ ሳምንት ነው።»

«እሱን እኔ አውቃለሁ» አልኳት። «አንቺ ተኚ።»