ከጋራ ጋራ የመጣው ድምፅ

ሰቆጣ የፊዚክስ መምህር ሳለሁ፣ ደሃና ጤና ጣቢያ ከተመደበ አብሮ አደጌ ጋር በማይክሮዌቭ ሞገድ በትርፍ ጊዜ የሚነጋገሩበትን አማተር ሬዲዮ ጀመርን። ይህ ሞገድ ተራራ ከጋረደው አያልፍም። ስለዚህ ፈቃድ ካወጣን በኋላ እያንዳንዳችን አሮጌ የሳተላይት ዲሽ በአህያ አስጭነን፣ እሱ በዚያ እኔ በዚህ በኩል ጋራ ወጣን። ዲሹን ቀስ እያልኩ ሳዞር የእሱ ድምፅ ድንገት ከሬዲዮው ጩኸት መሃል ወጣ።

«ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል! የእኔስ?»

«አጠገቤ ያለህ ነው የሚመስለው!»

ይህንኑ እየደጋገምን እንደ ሕፃን ሳቅን። ባትሪው ሊያልቅ ሲል፣ «ቅዳሜ ደግሞ ወጥተን በደንብ እናወራለን» አለኝ።

ቅዳሜ ሳይደርስ ታሞ ተኛ፤ ተመልሶም አልተነሣ። ያን ቀን ስለ አዲሷ ሙሽራው እንኳን ሳልጠይቀው መለያየታችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።