የናስተሆ መዶሻ

ሐርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ ውስጥ ነጋዴው የሚፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ አንዱ ድንገተኛ ጎርፍ፣ ሌላው የናስተሆ መዶሻ። ጎርፉስ ከሩቅ ይሰማል፤ ሰው ዕቃውን ያነሳል። ናስተሆ ግን አንዴ «ሞቷል» ካለች አለቀ። የባለቤቱን ዓይን እያየች ቫልቩን ባዶ የጋዝ ቆርቆሮ ውስጥ ታስተኛዋለች፣ በመዶሻ ቷ ታደርገዋለች፣ ከዚያ «ባለ ተራ» ትላለች።

ጭካኔ እንዳይመስላችሁ። ቫልቭ ማለት በድሮ ትልልቅ ሬዲዮኖች ሆድ ውስጥ እንደ ትንሽ አምፖል የሚግል የብርጭቆ ዕቃ ነው፤ እሱ ከሞተ ሬዲዮኑ ሣጥን ብቻ ነው። ክፋቱ ግን የሞተውና ያልሞተው በመልክ አይለዩም። ባለቤቱ አዝኖ ሲጥለው አንዱ ብልጥ ያነሳውና በሸማው ወልውሎ፣ በማግስቱ «ከጅቡቲ የመጣ አዲስ» ብሎ ለሌላ ምስኪን ይሸጠዋል። ናስተሆ ይህን ሦስት ጊዜ አየች። በአራተኛው መዶሻ ገዛች።

ጊዜው ጦርነቱ አልፎ ሐርጌሳ ጣሪያዋን መልሳ መልበስ የጀመረችበት ነበር። ያኔ ሬዲዮ ከመሬት ይወጣል። ከተማዋ ስትደበደብ ሰዉ ሊሸከም ያልቻለውን ግቢው ውስጥ ቀብሮ ሸሽቷል፤ ከስደት ሲመለስ ደግሞ መጀመሪያ የሚዋሰው አካፋ ነው። ከመሬት የወጣው ሬዲዮ ሁሉ አፈሩ ሳይራገፍ ወደ ናስተሆ ይመጣል። ይድናል ወይስ አይድንም? የሚናገረው የእሷ መመርመሪያ ነው።

ናስተሆ የተወለደችው ድሬዳዋ ነው። አባቷ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ እሷም ሹሩባ መሥራት ሳትችል ብየዳ ቻለች። የተማረችው በአማርኛ ነው፤ ስትቆጥር በአማርኛ፣ ስትናደድ በሶማሊኛ ነበር። ባሏ የሐርጌሳ ሰው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር አገሩ ሲረጋጋ ተከትላው መጣች። ከአባቷ የወረሰችው አንድ ሬዲዮ ነው። እሱን ዋሄን ሱቋ መደርደሪያ ላይ ሰቅላ ከጧት እስከ ማታ ታስዘፍነዋለች። ማስታወቂያዬ ነው ትላለች። እውነቱ ግን የአባቷን ድምፅ የምትሰማ ይመስላት ነበር።

መመርመሪያውን ያገኘችው ከቁራሌው ሂርሲ ነው። ሂርሲ ብረታ ብረት ሰብስቦ ወደ በርበራ ይጭናል። አንድ ቀን ከተቀዳደደ ጎማና ከመኪና በር መሐል አረንጓዴ የብረት ሻንጣ አየች። ክዳኑን አነሳች፤ የቫልቭ እግር መሰኪያ ቀዳዳዎች፣ የማዞሪያ ቁልፎች፣ መሐል ላይ ደግሞ ቁጥርና ጠቋሚ መርፌ ያለው መስተዋት። አባቷ የቴሌው ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለ አይተው ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙ ኖረው ነው የሞቱት።

«ይሄማ ብረት ነው» አላት ሂርሲ።

«ብረት ከሆነ በሚሠራ ትራንዚስተር ለውጠኝ» አለችው። ለወጣት፤ ለወራትም ሞኟን አገኘሁ እያለ አወራ።

ውስጡ አይጥ ወልዳበት ነበር። የሽቦዎቹ ልብስ ተበልቷል፤ መርፌው ተጣሟል። መርፌውን ያቀናችው ከጎረቤቷ ከሻይ ሻጯ ከሂንዳ በተዋሰችው የቅንድብ ወረንጦ ነው። መሰኪያዎቹን በቤንዚንና በላጲስ ጠረገች፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ቀየረች። እያንዳንዱ የቫልቭ ዓይነት ቁልፎቹ ስንት ላይ ሆነው እንደሚመረመር የሚናገር ጥቅል ወረቀት ነበረው፤ ግማሹን አይጧ አንብባዋለች። ናስተሆ የጎደለውን ከአባቷ መጽሐፍ እያወጣች በአማርኛ ጽፋ በዱቄት ሙጫ ለጠፈችው። «አሁን ሌባ ቢወስደውም አይጠቀምበትም» ብላ ሳቀች።

ሦስት ወር ፈጀባት። ባለቀ ቀን መጀመሪያ የሰካችው የአባቷን ሬዲዮ የድምፅ ቫልቭ ነው። መርፌው ሰባ ሁለት ላይ ቆመ። ከሃምሳ በታች ቀይ ነው፤ ሞት ማለት ነው። ደብተር አወጣችና በመጀመሪያው ገጽ ላይ «የአባባ ሬዲዮ፣ የድምፅ ቫልቭ፣ ሰባ ሁለት» ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ የሰካችውን ሁሉ፣ የባለቤቱን ስምና ቁጥሩን፣ እዚያው ደብተር ላይ በአማርኛ ታሰፍር ነበር። በዓመት ውስጥ «ናስተሆ ሞቷል ካለች ሞቷል» የሚለው የገበያው ሕግ ሆነ። እሷም፣ አልዋሽም፣ ሕግ መሆኑን ወደደችው።

አዴር ሺሬ የመጡት ረመዳን አልፎ፣ ከዒድ በኋላ ነው። አዴር ማለት አጎቴ ነው፤ ኮድቡር ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል። ሬዲዮናቸው የተቀበረው ፍየሎቻቸው በሚያድሩበት ሥር ነው። ጉድጓዱን እሳቸው ቆፈሩ፤ ሚስታቸው ዳሀቦ ደግሞ ሬዲዮኑን በላስቲክ፣ በላዩም በሠርጓ ሻሽ ጠቀለለችው። ዳሀቦ ከስደተኞች ሰፈር አልተመለሰችም። ሽማግሌው ሬዲዮኑን ይዘው የመጡት ሻሹን ሳይፈቱ ነው።

ሦስቱ ቫልቮች ደኅና ሆኑ። የድምፁ ቫልቭ አርባ ሦስት ላይ ቆመ።

«ሞቷል፣ አዴር» አለች።

«ሌላ ይገኝለታል?»

«እንዲህ ዓይነቱ ሐርጌሳ ውስጥ የለም። ያለኝ እዚያ የሚዘፍነው ብቻ ነው።»

ሽማግሌው መደርደሪያውን አዩ፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ። መዶሻው ወረደ። ሬዲዮናቸውን በሻሹ መልሰው ጠቅልለው ሄዱ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ አንድ ረፋድ ላይ ሂንዳ የሻይ ብርጭቆ ልትሰበስብ መጣች። ሂንዳ ጅጅጋ ያደገች ናት፤ ሁለቱ ገበያው እንዳይሰማቸው ሲፈልጉ በአማርኛ ያወራሉ።

«አንቺ፣ ሰሞኑን ከእጅሽ የሚድን ጠፋ እኮ። መቅሰፍት ወረደ?»

«መሬት በልቷቸው ነው የሚመጡት።»

«ካቻምና የመጡትንስ መሬት አልበላቸውም? እስቲ ያንን የማይደክመውን የአባትሽን ሰክተሽ አሳዪኝ።»

ናስተሆ አፏን ልታስዘጋት ብላ ሬዲዮኑን ከዘፈኑ መሐል አጠፋችው፣ የጋለውን ቫልቭ በጨርቅ ነቅላ ሰካችው። መርፌው ተነሣ፣ ወጣ ወጣ አለና አርባ አንድ ላይ ቆመ።

አሁን ሲዘፍን የነበረ ቫልቭ ሞቷል ተባለ። ነቅላ መልሳ ሰካችው። አርባ አንድ። የመጣውን ሁሉ ሌባ ነው የሚል ዳኛ ቢኖር መጀመሪያ የሚፈተሸው የዳኛው ኪስ ነው፤ እሷ ግን በመርፌዋ ከመኩራቷ የተነሣ ኪሱን ፈትሻ አታውቅም።

የሣጥኑን ሆድ ፈታችው። ሌሎችን የሚመረምረው መሣሪያ ራሱም የሚኖረው በቫልቭ ነው፤ ለተመርማሪው ኤሌክትሪክ የሚያቀብል አንድ ትልቅ ቫልቭ ውስጡ አለ። እሱ ደክሟል። እሱ ሲደክም ተመርማሪው ሁሉ የደከመ ይመስላል። ደብተሯን ገለጠች። ከዒድ ወዲህ አሥራ አንድ ስም፣ አሥራ አንድ ጊዜ ሞቷል። ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ በእውነት ሞቶ እንደነበር አሁን ማንም አያውቅም፤ ብርጭቆው ቆርቆሮው ውስጥ ነው። የአዴር ሺሬ ግን አያጠራጥርም። የሚዘፍነው አርባ አንድ ካለ፣ አርባ ሦስት ያለው እንዴት ሞተ? ዳሀቦ ከቦምብና ከአፈር ያዳነችውን እሷ በመዶሻ ገደለችው። ይህን ስታስብ እንባዋ መጣ፤ ከሰው ፊት አልቅሳ ስለማታውቅ አፏን በሻርፓዋ ያዘች።

ሂንዳ ገባት። ብርጭቆዎቹን አስቀምጣ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ሆድ ይፍጀው፣ እህቴ። ዕቃሽን ሥሪና ቀጥይ። ያንን ደብተር ዋሄን ውስጥ ከእኔና ካንቺ ሌላ ማን ያነበዋል? ሰዎቹ እንደሆኑ አልቅሰው ወጥቶላቸዋል። ብታወሪ ሥራሽን ነው የምታጪው። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝምታውስ አይነቅዝም» አለች ናስተሆ፤ «የምነቅዘው እኔ ነኝ።»

የደከመውን ቫልቭ የሚተካ ስላልነበረ ከተቃጠለ ቴሌቪዥን ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉ ሁለት ዳዮድ ነቅላ በቦታው በየደች። እነሱ ደግሞ ኃይላቸው በዛ። ስለዚህ መቋቋሚያ ሽቦ ጨምራ፣ የአባቷን ቫልቭ ሰክታ፣ ጥቂት በጥቂት እያስተካከለች መርፌውን መልሳ ሰባ ሁለት ላይ አቆመችው። ያ ቫልቭ ከዚያን ቀን ጀምሮ የመመርመሪያው እናት፣ ጤንነቱ የሚለካበት፣ ሆነ። ከዚያ ነቀለችው፣ በጥጥ ጠቀለለችው፣ የመሣሪያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በእግሯ ወደ ኮድቡር ሄደች።

አዴር ሺሬ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ዱላ ይልጉ ነበር።

«አዴር፣ ቫልቭዎ አልሞተም ነበር» አለች፣ ሳትቀመጥ። «መመርመሪያዬ ታሞ ነበር። ሳላጣራ ሰበርኩት።»

ቢላዋው ዱላው ላይ ቆመ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ዛሬ ረፋዱ ላይ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እኔው ነኝ ያገኘሁት።»

ሽማግሌው ቢላዋውን መሬት ላይ አኖሩ። ተቆጥተው ነበር፤ ቁጣቸውን የያዙት በጥርሳቸው ነው። ናስተሆ አንገቷን አልደፋችም። ጥጡን ፈታ ቫልቩን ዘረጋችላቸው።

«ያ የሚዘፍነው ነው?»

«እሱው ነው።»

«የአባትሽ ሬዲዮስ?»

«ዝም ይላል። የሰበርኩት እኔ እያለሁ የእርስዎ ዝም አይልም።»

ሬዲዮኑን ከሻሹ ፈትታ ቫልቩን ተከለችው። እስኪግል ጠበቁ። መጀመሪያ እንደ አሸዋ ሻ አለ፣ ከዚያ የሰው ድምፅ ወጣ፤ ዜና ነበር፤ ስለ ግመል ዋጋ። አዴር ሺሬ ሻሹን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ስለ ግመል ዋጋ እያዳመጡ አለቀሱ። ሲጨርሱ ፊታቸውን ጠርገው እጃቸውን ዘረጉ።

«መዶሻሽን አምጪ።»

ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸው።

«ይሄ እኔ ዘንድ ይቀመጥ። ቫልቩን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ። የሰውን ከመመርመርሽ በፊት እሱ አንቺን ይመርምርሽ።»

ቅዳሜ ጧት ናስተሆ ሱቋ ደጃፍ ቆማ ደብተሯን ገለጠች፤ አሥራ አንዱን ስም ወደ ሶማሊኛ እየመለሰች ለገበያው አነበበች። «የእነዚህን ቫልቭ በስሕተት ሰብሬ ሊሆን ይችላል። ምትክ ሳገኝ እተካለሁ» አለች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የመዶሻ ወለምታማ ጭራሽ። ገበያው ተንጫጫ። ሦስተኛው ስም የሂርሲ ነበር፤ እሱ ከሁሉ በላይ ጮኸ።

«ከእንግዲህ ያንቺን መርፌ ማን ያምናል?»

«እኔ» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። አዴር ሺሬ ሕዝቡን በዱላቸው እየከፈሉ መጡ፣ ቫልቩን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ናስተሆ ሰካችው። ሂርሲ አንገቱን አስግጎ አየ። ሰባ ሁለት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። አዴር ሺሬ ሳይመጡ መመርመሪያው አይበራም። ቢያረፍዱ ሰዉ ይጠብቃል፤ ቢያጉረመርምም ይጠብቃል። መርፌው ሲቆም ሽማግሌው «ዳኛዋ ዛሬም ጤነኛ ናት» ይላሉ፣ ሂንዳ ሻይ ትሰጣቸዋለች። ከአሥራ አንዱ ለሰባቱ ምትክ ተገኘ። ሂርሲም አንድ ደረሰውና ዝም አለ፤ ዝም ማለቱ ለእሱ ይቅርታ ነው።

የቸገረው ሌላ ነበር። መዶሻው ከሄደ ወዲህ ናስተሆ የሞተውን ቫልቭ ቀይ ቀለም ቀብታ ለባለቤቱ ትመልሳለች፤ ብልጦቹም ቀለሙን በቤንዚን አጥበው መሸጥ ጀመሩ። ሰዉ «ስበሪው እንጂ» ቢላት «መዶሻው አዴር ሺሬ ዘንድ ነው» ትላለች። እሳቸውን ሄዳ አልጠየቀችም። የሰጠችው ቅጣት አልነበረም፤ ዳኝነቷን ነው። እሱ ደግሞ ተለምኖ አይመለስም።

ዓመት ሞልቶ፣ እንደገና ከዒድ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ አዴር ሺሬ መጡ። ቫልቩ ተሰካ፤ መርፌው ሰባ ሁለት አለ። ሽማግሌው ግን የተለመደውን አላሉም። ከብብታቸው ሥር አንድ ጥቅል አወጡ፤ የዳሀቦ ሻሽ ነው። ፈትተው መዶሻውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት፣ ሻሹን መልሰው አጠፉ።

«ሌባው በዝቷል» አሉ።

ናስተሆ መዶሻውን ወደ ራሷ ሳበች። ባለ ተራውን ጠራች። ዳሚ ከሚባለው ሰፈር የመጣ ሰው ቫልቭ ሰጣት። ሰካችው፤ ሃያ። ነቅላ እግሮቹን በላጲስ ጠረገችና መልሳ ሰካችው፤ ሃያ። የአባቷን ቫልቭ ሰካች፤ ሰባ ሁለት። የሰውየውን ለሦስተኛ ጊዜ ሰካችው፤ ሃያ።

«ሞቷል» አለች።

ቆርቆሮው ውስጥ አስተኛችው፣ መዶሻውን አነሳች፣ ቷ አደረገችው። አዴር ሺሬ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን አዩ፣ ቫልቫቸውን ደረት ኪሳቸው ከተቱ።

«አዎ» አሉ። «ይሄኛው ሞቶ ነበር።»