የዋልተር ጆሮ

ሄቲ ግሪምሾ ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በንዴት ስትንገበገብ ያየ የለም። ሲኒማ ቤቱ ጨለማ ነው፤ የእንግሊዟ የበርንሊ ከተማ ሰው ደግሞ እየሳቀ ነው። ሸራው ላይ አንድ ምስኪን ጃንጥላ ሻጭ የጀርመን ሰላይ መስሎት መንደርተኛው በመንሽና በመጥበሻ ያባርረዋል። ጦርነቱ ሰውን አንገሽግሾታል፤ ይሳቅ። ግን በዚህ?

የሄቲን ባል ዋልተርንም የገደሉት ሰላይ መስሏቸው ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ከፋብሪካ ወጥቶ፣ የጠላት አውሮፕላን እንዳያይ ተብሎ መብራት ሁሉ በጠፋበት መንገድ ወደ ቤቱ ሲሄድ ከሥራ በኋላ መሣሪያ ይዘው የሚጠብቁ የሰፈር ዘቦች «ቁም!» አሉት። አልቆመም፤ ተኮሱ። ተኳሹ ክሊፍ ሆልደን መርማሪ ፊት ቀርቦ «ደጋግሜ ጮህኩ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ» ብሎ ማለ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ዋልተርን «እልኸኛ፣ በራሱ ጥፋት የሞተ» ይለዋል። ሄቲን ከሞቱ እኩል የሚያንገበግባት ይኼ ስም ነው።

ዋልተር እኮ ጆሮው አይሰማም! ከልጅነቱ ጀምሮ የሽመና መኪና ሲጮህበት ኖሮ ደነቆረ። በዚያ ፋብሪካ ሰው የሚነጋገረው ድምፅ ሳያወጣ፣ ከንፈር እያየ ነው። ሄቲም እዚያው ሸማኔ ሳለች «ላግባሽ» ያላት በከንፈሩ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ አንብቦ ከእሷ በፊት ሳቀ። ከዋልተር ጎን ቆሞ ዕድሜውን የፈጀው፣ በከንፈሩ ሲያወራው የኖረው ማን ሆነና? ራሱ ክሊፍ! ዛሬ ከፊት ተቀምጦ እንባው እስኪፈስ ይስቃል።

ሄቲ አሁን ሥራዋ ባትሪ ይዛ ተመልካችን ወደ ወንበሩ ማድረስ ነው። ሸራው ፊት ወጣችና ባትሪውን በገዛ ፊቷ ላይ አበራች።

«ክሊፍ!» አለች፣ በከንፈሯ ብቻ። «ዋልተር እንደማይሰማ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?»

አዳራሹን የሞሉት ሸማኔዎች ናቸው። ሳቁ ከፊት እስከ ኋላ ቀጥ አለ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል? ውረጂ ከዚያ!» ብሎ ጮኸ ሥራ አስኪያጁ። የለንደን ሰው ነው፤ ከንፈር ማንበብ አያውቅም።

ዞር ብላም አላየችው። «መልስ እንጂ! ለመሳቅ አፍ ነበረህ» አለች፤ ባትሪውንም ወደ ክሊፍ አዞረች።

ክሊፍ በእጁ ፊቱን ሊከልል ሞከረ። ሚስቱ እጁን ይዛ ወደ ታች አወረደችው፤ አስነሥታም ሰው ሁሉ ከንፈሩን እንዲያይ በጎን አቆመችው።

«አውቅ ነበር» አለ ከንፈሩ። «ፈርቼ ነው። አለመስማቱ ትዝ ያለኝ ከወደቀ በኋላ ነው።»

ሄቲ ይኼኔ ድምፅ አወጣች። «ሁላችሁም አያችሁ?»

«አየን» አሉ ሸማኔዎቹ።

«እንግዲያው ባሌን በራሱ ጥፋት ሞተ የሚል ካለ፣ ከዛሬ ወዲያ ዐይኔን እያየ ይበለኝ!»

ባትሪውን ለሥራ አስኪያጁ ወረወረችለትና ወጣች።