የታጠበው ቀላድ

መርካቶ ሥራ የፈታ ዕቃ አይወድም። ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል የቅየሳ ሙዚየም የከፈቱት ጡረተኛው ቀያሽ ጋሼ ሀብተሚካኤል ይህን የተማሩት እየተቃጠሉ ነው። ያንን የመሰለ የመቀየሻ መሣሪያ ባለሦስት እግር ማቆሚያ ጎረቤት ወስዶ ዣንጥላ አቆመበት። ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንግ አንዱ የሱቁን ሸራ ሊደግፍበት ተውሶ ጫፉን ሰብሮ መለሰላቸው። ጎብኚ የተባለውም በበሩ አንገቱን ያሰግግና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ስንት ነው?» ይላል።

«የሚሸጥ አይደለም!»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

ይሄኔ ደማቸው ይፈላል። ዕድሜ ልካቸውን አገር ሲለኩ ኖረው፣ መሬት እንዴት እንደሚለካ ላሳይ ቢሉ የሚያይ ሰው ይጥፋ!

ክፍሉ የበርበሬ ጅምላ ነጋዴው የባህረዲን ነው። ኪራይ ጠይቋቸው አያውቅም። በቀደም ግን እያፈረ መጣ።

«ጋሼ፣ በርበሬው ደጅ እያደረብኝ ነው። ሰው የሚያየው ቢሆን ምን ገዶኝ። ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ ብለውኛል። እነሱ ቁም ነገር ነው ካሉ ይቀጥሉ፤ ካልሆነ መጋዘን ላደርገው ነው፣ አይቀየሙኝ።»

እንግዶቹ የቅየሳ መምህርና ተማሪዎቹ ናቸው። ጋሼ የሚመኩት በቀላዱ ነው። ከጠፍር የተገመደ፣ በየመሃሉ ቋጠሮ ያለበት ረጅም ገመድ ነው፤ አያታቸው በየአገሩ እየዞሩ መሬት ሲለኩበት ኖረዋል። ከሥሩ «የማይዛነፍ ልክ» የሚል ካርቶን ለጥፈዋል። ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ቀጣዩ ያለው ርዝመት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ልክክ ይላል። እሱን ዘርግቶ ማሳየት ነፍሳቸው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ቢመጡ ቀላዱ ከሚስማሩ ላይ የለም። የባህረዲን እናት እትዬ ሰኪና ደጃፉ ላይ በርበሬ ይቀነጥሳሉ። ቀላዱ ከበላያቸው ካለው ወራጅ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጫፉ ላይ ሙሉ ጆንያ ታስሮበት ውሃ ያንጠባጥባል።

«ምን አደረጉት?»

«አጠብኩታ! እንግዳ እየመጣ እንዲህ ጠቁሮ ይታያል እንዴ? ሲደርቅ እንዳይኮማተር ብዬ ጆንያ አሰርኩበት።»

ጋሼ አወረዱትና ክፍሉ ውስጥ ዘረጉት። ገመዱ መሃል ላይ ረገበ። ክንድ ያህል ረዝሟል።

«ገደሉኝ፣ እትዬ ሰኪና! ውሃ ሲነካው የሚለጠጥ ነገር ምኑን መለኪያ ሆነ? በዚህ መሬት ቢለካ ልክ ነው? ዝርፊያ ነው እንጂ!»

እትዬ ሰኪና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ያኔስ ዝናብ አልነበረም?» አሉ ቀስ ብለው። «የአያቴን መሬት ለሹም ቆርሰው የለኩት በክረምት ነው። ገመዱ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር፣ ማሳዬን የበላው እሱ ነው እንዳሉ ሞቱ። ያመናቸው የለም። ልክ ነው፣ አይዛነፍም ነበር የሚሏቸው፣ ልክ እንደ እርስዎ ካርቶን።»

ጋሼ በሴትዮዋ ተናደዱ፣ በገመዱ ተናደዱ፤ ከሁሉ በላይ በንዴት «ዝርፊያ ነው» ያሉት ቃል ራሳቸውን መልሶ ስለያዛቸው ተናደዱ።

እንግዶቹ ደረሱ። ባህረዲንም ተሸካሚዎቹን አስከትሎ በሩ ላይ ቆመ። መምህሩ ካርቶኑን አነበበና፣ «እውነት ይህን ያህል ትክክል ነበር?» አለ።

ለዚህ ጥያቄ ጋሼ መልሱን ሲያሰናዱ ዓመታት አልፈዋል። የሚያምር መልስ ነበር። ዛሬ ግን ተዉት።

«እሳቸውን ጠይቋቸው» አሉ፣ በእጃቸው ወደ እትዬ ሰኪና እያመለከቱ።

ተማሪዎቹ ከበቧቸው። እትዬ ሰኪና ከአያታቸው ማሳ ጀምረው፣ ድንበሩን በቀነጠሱት የበርበሬ ጭራ መሬት ላይ እየሠሩ አወሩ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ገመዱን በእጁ እየሳበ ይሞክራል፤ መሄድ የፈለገ አልነበረም።

«እማ፣ ይሄን ለኔ ነግረሽኝ አታውቂም» አለ ባህረዲን።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? አንተ የምትጠይቀኝ የበርበሬ ዋጋ ነው።»

ባህረዲን ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሮ፣ ወደ ክፍሉ ሊያስገቡ ደጃፉ ላይ የከመሩትን ጆንያ ወደ ሌላ ቦታ እንዲያነሱት ነገራቸው።

ክፍሉ ተርፏል። ጋሼ ሀብተሚካኤል ግን ደስ አላላቸውም። አያታቸውን እንደ ድሮው አድርገው ማሰብ አቃታቸው። ካርቶኑን ከግድግዳው ላቀቁና ገለበጡት፤ በባዶው በኩል ምን ብለው እንደሚጽፉ ጠፍቷቸው እስክሪብቶ ይዘው ቆሙ።